በቤት የሚያስተምር ወላጅና መዝገቡ

ልጅን በቤት ስለ ማስተማር በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ማን ያስተምር፥ ምንስ ያስተምር የሚለውን ነው። ልጁ የተማረውን ማን ይጽፈዋል፥ እንዴትስ አድርጎ ይጽፈዋል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ብሆን ሳላስበው ሁለት ጊዜ የልጆቼ አስተማሪ እስክሆን ድረስ ጠይቄው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በ2017 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የያዝሁት መዝገብ ሐሰት ነበረበት። እርሱን ሸሽጌ ስለ ሁለተኛው ብቻ ብጽፍ ሌላ ሐሰት መጨመር ስለሚሆንብኝ ከዚያው እጀምራለሁ።

በዚያን ጊዜ ቤታችን ካዛንቺስ ነበረ። የሰፈሩ ስም ከጣልያን ወረራ ዘመን የቀረ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ድርጅት በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ስለ ነበረ ቤቶቹ ካዜ ኢንቺስ ተባሉ፤ የአገሩም ሰው ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ካዛንቺስ አለው። የእኛ ቤት ሁለት ክፍል ነበረች። በአንደኛዋ እናቴና ልጆቹ፥ በሁለተኛዋ እኔና ባለቤቴ እናድርባት ነበር፤ ትምህርት ቤትም የሆነችው ይህችው ሁለተኛዋ ክፍል ናት።

ሰኞ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተነገረ። ሴት ልጄ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እኔም በዚያው ምሽት ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ እያሰመርሁ ለ15ቱ ቀን ዕቅድ አወጣሁ። ከጧቱ በ3 ሰዓት አማርኛ፥ በ4 ሰዓት ሒሳብ፥ ከዕረፍት በኋላ እንግሊዝኛ፥ ከምሳ በኋላ አካባቢ ሳይንስ። ለየትምህርቱ ልዩ ቀለም መረጥሁለት። እውነቱን ለመናገር፥ ያን ሰንጠረዥ ሠርቼ በጨረስሁ ጊዜ ትምህርቱን ሁሉ ያስተማርሁት ያህል ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

15ቱ ቀን ወደ ሰባት ወር መዘርጋቱን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በዚያው ወራት በመላው ዓለም ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለይተው ነበር። በእኛ ከተማም ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር፤ መምህራንም የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ነገር ግን በአንድ ቤት አንድ የእጅ ስልክ ብቻ ሲኖር፥ እርሱንም አባት ለሥራው ሲይዘው፥ ትምህርቱ የሚደርሰው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ ልጅ ይተኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ዕቅዱ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ሒሳቡ ከሰዓቱ አለፈና አካባቢ ሳይንሱን በላው። በሦስተኛው ሳምንት ትንሹ ልጄ ታመመ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ውሎ ካለፈ በኋላ እኔም ወደ ሥራዬ በፈረቃ መግባት ስለ ጀመርሁ ዕቅዱና ቤታችን ፈጽመው ተለያዩ። ሰንጠረዡ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ደብተሩም ጠረጴዛው ላይ ነበረ። ባዶ የቀረው ቦታ ባየሁት ቍጥር የሚከሰኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ እስክርቢቶ አንሥቼ «ማካፈል፤ ተሠራ» ብዬ ጻፍሁበት። በነጋታውም እንዲሁ አደረግሁ። ነገ እናካክሰዋለን እያልሁ ነበርና ውሸት ነው ብዬ አላሰብሁትም። በዚህ ዐይነት 12 ቀን ሙሉ «ማካፈል» የሚል ቃል በመዝገቡ ላይ ተጻፈ።

እናቴ ይህን ስጽፍ አንድ ምሽት ተመለከቱኝና «ልጄ፥ የምትጽፈው ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ሲከፈት ቢጠይቁኝ የማሳየው ይኑረኝ ብዬ ነው» አልኋቸው።

እናቴ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም። ፊደል የቈጠሩት በአገራቸው በቡልጋ፥ ቄስ ከነበሩት ከአባታቸው ዘንድ፥ በቤታቸው ደጃፍ ነው። የዚያን ትምህርት ሥርዐት አንባቢ ያውቀዋል፤ ልጁ ፊደሉን ከቈጠረ በኋላ አቡጊዳን፥ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት፥ ቀጥሎም ወንጌሉን፥ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይማራል። ንባቡንም በቁጥር፥ በግዕዝና በውርድ ንባብ እየደጋገመ ሳያጠና ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ይህ ሁሉ ሲሆን በወረቀት ላይ የሚጻፍ የውጤት መዝገብ አልነበረም። እናቴ በዚያ ምሽት የነገሩኝ ግን አንድ ዐይነት መዝገብ እንደ ነበራቸው ነው። አባታቸው በዳዊቱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ያስሩ ነበር፤ ክሩ ልጂቱ የደረሰችበትን ያሳያል። ጧት ስታነብ ከተደናቀፈች አባትዮው ሳይቈጡ ክሩን ፈትተው ሁለት ሦስት ቅጠል ወደ ኋላ መልሰው ያስሩታል።

«አንዳንድ ሳምንት ክሩ ከነበረበት ፈቀቅ አይልም ነበር፤» አሉኝ። «ያንተ ክር ግን በየቀኑ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል።»

የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። እኔም በዚያን ጊዜ ነገሩን በሳቅ አሳለፍሁት።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሴት ልጄ 5ኛ ክፍል ገባች። በዚያ ዓመት ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር የነበሩት ተማሪዎች ያለ ዓመት መጨረሻ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውረው ስለ ነበረ፥ መምህራኑ ልጆቹ ከምን እንደ ደረሱ ለማወቅ ይጥሩ ነበር። እኔም ደብተሩን በኩራት አሳየሁ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ የማካፈል ጥያቄ ተሰጥቷት ከአምስቱ አንዱን እንኳ ሳትሠራ መጣች። አኰረፈች እንጂ አላለቀሰችም። ማታ ደብተሬን ከመደርደሪያው አውርዳ ገጹን ገልጣ አቀረበችልኝና፥ «አባዬ፥ እዚህ ላይ 12 ቀን ተምረሻል ይላል። ታዲያ እኔ ለምን አላውቀውም?» አለችኝ።

ያን ገጽ የጻፍሁት መምህሩ ቢያየው ብዬ ነበር፤ ልጂቱ ታነበዋለች ብዬ ግን አላሰብሁም። እርሷ ደግሞ መዝገቡን አምና ራሷን ተጠራጠረች። 12 ቀን ተምሮ ማካፈልን የማያውቅ ልጅ ደካማ መሆን አለበት ብላ ነበር። እውነቱን ነገርኋት። ለመንገር የወሰደብኝን ጊዜ እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛው ጊዜ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማት ሥራው ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስን ሲነካ፥ ከመስቀል በዓል አካባቢ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው መነሣት ጀመረ። ጎረቤቶቻችን ከፊሎቹ ወደ ገላን ጉራ፥ ከፊሎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ተበታተኑ። እኛ ቋሚ ቤታችን እስኪለይ ድረስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደሚገኘው ወደ ባለቤቴ እኅት ቤት ተጠጋን። ሴት ልጄ 9ኛ ክፍል ስለ ነበረች በታክሲ እየተመላለሰች መማሯን ቀጠለች። 3ኛ ክፍል የነበረው ወንዱ ልጄ ግን ይማርበት የነበረው ትንሽ ትምህርት ቤት አብሮ የሚነሣ ሆነ፤ የት እንደምንሰፍር ሳይታወቅም ሌላ ትምህርት ቤት ልናስገባው አልተቻለም። ስለዚህ ደግሞ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ።

በዚህ ጊዜ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ቀን መቍጠር ነው። ከሰኞ ጥቅምት 4 እስከ ዓርብ ኅዳር 27 ድረስ 8 ሳምንት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሲወጣ 40 ቀን ይቀራል። ከዚያ የኅዳር ሚካኤልን አወጣሁ። ዕቃ የሚጫንበትን፥ ባለቤቴ በጽሕፈት ቤት ደጅ የምትሰለፍበትን፥ እኔ ሙሉ ቀን ሥራ የምውልበትን አወጣሁ። ወሩ በገባ በ15 እናቴ ቂርቆስን፥ በ22 ደግሞ ዑራኤልን ለመሳለም ስለሚሄዱና ልጁን የሚጠብቅልን ስለማይኖር በእነዚያ ቀኖች ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን አደረግሁ። እንዲህ ስቀንስ 30 የሚሆን ቀን ቀረ። ለ30 ቀን የ40 ቀን ትምህርት ማቀድ በገዛ እጅ ዕዳ መግባት ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ለአንድ ሳምንት ብቻ፥ እርሱንም እሑድ ማታ አወጣ ጀመር። ውዳሴ ማርያም ለ7ቱ ቀን ተከፋፍሎ መደልደሉ ምን ያህል ብልኀት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሰው ልብ ሳምንትን ይይዛል፥ ከዚያ የረዘመውን ግን ይረሳል።

ገጹን በአራት ዓምድ ከፈልሁት፤ ቀኑ፥ የታሰበው፥ ልጁ ብቻውን የሠራው፥ የቀረው ከነምክንያቱ። ከሁሉም የሚያስፈልገው ሦስተኛው ዓምድ ሆኖ አገኘሁት። «ማባዛት አስተማርሁት» ብሎ መጻፍ ስለ አስተማሪው ይናገራል እንጂ ስለ ልጁ አንዳች አይናገርም። «የ7ን ማባዛት ሳይቈም እስከ 7 ጊዜ 6 አለ፤ ከዚያ በጣቱ ቈጠረ» ብሎ መጻፍ ግን ነገ ከየት እንደሚጀመር ያሳያል። እንዲያውም ከዚያ ደብተር ጥቂት መሥመር ልቅዳላችሁ፤

«ማክሰኞ ጥቅምት 12። 6 የመቀነስ ሒሳብ፤ 4ቱ ልክ። ከዜሮ መበደር ሲያስፈልግ ይሳሳታል። ነገ አዲስ ነገር አይጨመርም።

ረቡዕ ጥቅምት 13። ያንኑ በባቄላ ፍሬ ሠራን። 5 ልክ። የአማርኛ ንባብ አልደረሰም፤ መብራት ጠፋ።

ሐሙስ ጥቅምት 14። አልተማርንም። ዕቃ ስንጭን ዋልን። ማታ ልጁ የመኪናውን ታርጋ ቍጥር ጮኾ አነበበ።

ዓርብ ጥቅምት 15። አልተማርንም። አለቀሰ። ወደ ቤታችን እንመለስ አለ።»

ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ ወደ ቀድሞው ልማዱ ሊመለስ እንደ ነበረ አልሸሽግም። «ንባብ፤ ተሠራ» ማለት ቀላል ነበር። በመጨረሻ ከ40ው ቀን የተማርነው 27ቱን ነው፤ 13ቱም ቀን ከነምክንያታቸው ተጽፈው ይገኛሉ።

ከመዝገቡ ጋር የልጁን ሥራ በሳምንት አንድ አንድ ገጽ እየመረጥሁ አስቀመጥሁ። ስመርጥም ጥሩውን ብቻ አልወሰድሁም፤ ሰኞ የተሳሳተውንና ዓርብ ያረመውን ጎን ለጎን አደረግሁ። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ክላሴር ገዝታ የቤተ ሰቡን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቦታ ሰበሰበች፤ የልደት ምስክር ወረቀት፥ የክትባት ካርድ፥ ያለፉት ዓመታት የውጤት ካርዶች፥ የክርስትና ወረቀት፥ ከቀድሞው ትምህርት ቤት የተሰጠ መሸኛ። ቤት ሲነሣ ወረቀት ከዕቃ ጋር ይጫናል፤ ምጣድና ፍራሽ ሲደርስ ወረቀት ግን አይደርስም። ክላሴሩ በጭነት መኪና ላይ አልወጣም፤ ባለቤቴ በነጠላዋ ጠቅልላ በእጅዋ ይዛው ሄደች። እናቴም የአባታቸውን ዳዊት እንዲሁ አድርገው ነበር።

በዚያ ዳዊት መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ የእናቴና የወንድሞቻቸው የልደት ቀን በአያቴ እጅ ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ በመንግሥት መዝገብ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት፥ በብዙ ቤት የልጅን ዕድሜ የሚመሰክረው የክርስትና አባት ትዝታ ወይም እንዲህ ያለ የመጽሐፍ ጠርዝ ነበር። የጥንት ገዳማትና አድባራትም የርስትና የጉልት ስጦታቸውን በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ያስጽፉ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ወርቅ ወንጌል የሚባለውም እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘው መጽሐፍ ነው። በዚያ ላይ የሚጻፈው እንዳይጠፋ ብቻ ሳይሆን፥ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ሐሰት ለመጻፍ እጅ እንዲፈራ ጭምር ይመስለኛል። በባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ግን እጅ አይፈራም።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንደየአገሩ ነው። በጀርመን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በቤት ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በአሜሪካ ግን የየግዛቱ ሕግ ይለያያል። በፔንሲልቬንያ ግዛት በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት በቤት የሚያስተምር ወላጅ በዓመት 180 ቀን ወይም ለታናናሾቹ ክፍሎች 900 ሰዓት ማስተማር፥ ያነበቡትን መጻሕፍት መመዝገብና የልጁን የሥራ ናሙና ማከማቸት አለበት፤ ይህንም በዓመቱ መጨረሻ አንድ ብቃት ያለው መርማሪ ያየዋል። በኒው ዮርክም ወላጅ በዓመቱ መጀመሪያ ዕቅዱን፥ ከዚያም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። በአገራችን እኔን በእነዚያ ወራት እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳቀርብ ያስገደደኝ ማንም አልነበረም። የቀን ቍጥሩ ለመንግሥት መልካም ይሆናል፤ ለወላጅ ግን የሚጠቅመው ያ ናሙናው ነው። 180 ብሎ መጻፍ እኔ 12 ጊዜ «ማካፈል» ብዬ ከጻፍሁት ብዙ አይርቅም፤ የልጁ የራሱ እጅ ጽሑፍ ግን አይታበልም።

ሰኞ ኅዳር 30 ቀን ልጁን በአዲሱ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ወሰድሁት። መሸኛውንና የውጤት ካርዱን የተቀበለችው ጸሐፊ ደብተሬን ወዲያ ገፋ አደረገችው፤ ልክ ነበረች፥ ማኅተም የለውምና። የክፍሉ መምህርት ግን ቆማ ገለጠችው። ስለ ጥሩዎቹ ገጾች ምንም አላለችም። አራተኛውን ዓምድ በጣትዋ እየተከተለች ወደ ታች ወረደችና፥ «ከዜሮ መበደር አሁንስ እንዴት ነው?» ብላ ልጁን ጠየቀችው። እርሱም «በባቄላ እችላለሁ፤ ያለ ባቄላ አንዳንዴ» አላት። ሣቀችና «እንግዲያው ባቄላህን ይዘህ ና» አለችው። በነጋታው እናቴ ጥቂት ባቄላ በመሐረብ ቋጥረው በቦርሳው ከተቱለት።

በዚያው ሰሞን ዕቃ ስናደራጅ የ2012 ዓ.ም. ደብተር ከአንድ ካርቶን ውስጥ ወጣ። ልጥለው አስቤ ነበር። ሴት ልጄ ግን ተቀበለችኝና እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። እኔ «ማካፈል፤ ተሠራ» ካልሁባቸው 12 ቀኖች ሦስቱን ታስታውሳቸዋለች። በአንደኛው ሥር «ከእማማ ጋር ምስር ስንለቅም ዋልን» ብላ ጻፈች። በሁለተኛው «ወንድሜ ትኩሳት ነበረው፤ እርጥብ ጨርቅ ስቀያይርለት አመሸሁ» አለች። በሦስተኛው «አባዬ ማታ መጣ፤ ደክሞት ጠረጴዛው ላይ ተኛ» ብላለች። የቀሩት ዘጠኙ እንዳሉ ናቸው።